ዓሣ በበልግ መንጠቆ የሚጎርሰው መቼና የት ነው? የሎጎ ሐይቅ፣ የአርዲቦና የቦርከና ውሃ ጠባይ

በላባና በክር ነፍሳትን አስመስለው በሚሠሩት መንጠቆ ዓሣ ስለ ማጥመድ የተጻፉ የውጭ አገር መመሪያዎች አብዛኞቹ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ጸደይን ያስቀድማሉ። ይህን አንብቦ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ከደሴ ሎጎ ሐይቅ ወዳለበት ወደ ሐይቅ ከተማ፣ አለዚያም ከኮምቦልቻ ወደ ቦርከና ዳር የሚወርድ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። መመሪያው ሐሰት ሆኖ አይደለም፤ የሚናገርለት ጸደይ ሌላ ስለሆነ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ጸደይ ማለት በረዶ የሚቀልጥበት፣ በ4 እና በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ የከረመ ውሃ ወደ 10 እና 12 ዲግሪ የሚሞቅበት፣ ከብርዱ የተነሣ ለወራት በወጉ ሳይመገብ የቆየ ዓሣ ከመኝታው የሚነቃበት ጊዜ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው (በአደይ አበባ የሚታወቀውን የመስከረምን ሰሞን ጸደይ ማለት ተለምዷል እንጂ ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው ወቅት ስሙ መፀው ነው)። የወሎ ገበሬ ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ዝናብ በልግ ብሎ ይጠራዋል፤ እኔም ከዚህ በኋላ በልግ እያልሁ እቀጥላለሁ፤ ምክንያቱም ውሃችንን የሚለውጠው ይኸው ዝናብ ነው።

በእነዚያ አገሮች ዓሣን የሚያስረው ቅዝቃዜ ነው፤ ጸደይም ከእስሩ ይፈታዋል። በእኛ ዘንድ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ዓሣን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ሙቀት አለው፤ የሚጎድለው በውሃው ውስጥ የሟሟ ኦክሲጅን ነው። ኦክሲጅኑ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ጥልቀት እንደሚገኝ ያወቀ ሰው ዓሣው የት እንዳለ ያውቃል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማብራሪያው ከዚያ ቢጀምር ይሻላል።

ኦክሲጅን፣ ሙቀትና ከፍታ

ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በ15 ዲግሪ ሙቀት 10 ሚሊ ግራም ገደማ፣ በ20 ዲግሪ 9 ሚሊ ግራም ገደማ፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል። እኛ ግን የምንኖረው በባሕር ወለል ላይ አይደለም። ሎጎ ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ወደ ውሃው የሚገባው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በመሆኑም በ20 ዲግሪ የነበረው 9 ሚሊ ግራም ወደ 7.1፣ በ25 ዲግሪ የነበረው 8.3 ሚሊ ግራም ወደ 6.5 ይወርዳል። በዚህ ላይ ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት ከውሃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፍጥረት በመሆኑ፣ ውሃው በ10 ዲግሪ ሲሞቅ የኦክሲጅን ፍላጎቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሙቀት ሲጨምር ዓሣው ብዙ እንዲመገብ ሆዱ ይገፋፋዋል፤ ውሃው ግን የሚተነፍሰውን ይነፍገዋል። የበልግ አጥማጅ ሥራ ሁለቱ የሚታረቁበትን ቦታና ሰዓት መፈለግ ነው።

በኢትዮጵያ በላባ መንጠቆ ለማጥመድ ብለው የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ የሚመጡለት ዓሣ ትራውት ነው፤ ከኬንያ መጥቶ እንደ ወይብ ባሉ የባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቅቋል። ትራውት ከ20 ዲግሪ በታች የሆነና በኦክሲጅን የጠገበ ውሃ ስለሚፈልግ ሎጎ ሐይቅም የኮምቦልቻ ቦርከናም አይስማሙትም። በአካባቢያችን የሚገኙት ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ካርፕና ቢልጫ ናቸው፤ የየራሳቸው ጠባይም አላቸው።

ሎጎ ሐይቅ በንብርብር

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ሎጎ ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ጥልቀቱ በአንዳንድ ቦታ ከ80 ሜትር ይበልጣል። የአርዲቦ ሐይቅ ውሃ በወንዝ ወደ እርሱ ይወርዳል፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ምድር ቀድሞ ደሴት እንደነበረና አሁን ከየብስ ጋር እንደተያያዘ ያየ ሰው፣ የሐይቁ ወለል ከፍና ዝቅ ማለቱን በዓይኑ መስክሯል። መውጫ የሌለው ሐይቅ የገባበትን ሁሉ ያከማቻል፤ አፈሩን፣ ማዳበሪያውን፣ የሞተውን ቅጠልና አልጌ (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ጥቃቅን ሕይወት) ሁሉ። ይህ ሁሉ ወደ ታች ሰምጦ ሲበሰብስ ኦክሲጅን ይበላል።

ይህ ጥልቅ ውሃ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አይደለም። ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛውን ክፍል ብቻ ነው፤ የሞቀው ውሃ ቀላል ስለሆነ ከቀዝቃዛው በላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ በሁለቱ መካከልም ነፋስ በቀላሉ የማይሰብረው የሙቀት ድንበር ይፈጠራል። በብርድ አገር እንዲህ ያለ ድንበር እንዲጸና በላይኛውና በታችኛው ውሃ መካከል ትልቅ የሙቀት ልዩነት ያስፈልጋል፤ በእኛ ዘንድ ግን የሁለትና የሦስት ዲግሪ ልዩነት ብቻውን ይበቃል። ምክንያቱም ውሃ ከ24 ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ የሚቀልለው ከ4 ወደ 5 ዲግሪ ሲሞቅ ከሚቀልለው 30 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ከድንበሩ በታች ያለው ውሃ ከአየር ጋር ስለማይገናኝ፣ ብርሃንም ስለማያገኝ፣ ያለችውን ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ በምትኩም እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይከማችበታል። እንግዲህ ሐይቁ 80 ሜትር ጠለቀ ማለት ዓሣው 80 ሜትር የመኖሪያ ቦታ አለው ማለት አይደለም፤ የዓሣው ቤት ላይኛው ፎቅ ብቻ ነው። ከባድ ማስጠሚያ አስሮ መንጠቆውን ወደ ጥልቁ የሚልክ ሰው ዓሣ ወደማይኖርበት ቦታ ነው የሚልከው።

በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ የላይኛው ውሃ ይቀዘቅዛል፤ ይከብዳል፤ ይሰምጣል፤ ድንበሩም ይላላና ሐይቁ ይደባለቃል። ከታች ተከማችቶ የነበረው ንጥረ ነገር ወደ ላይ ሲወጣ አልጌ ይለመልማል፤ አልጌ የሚበሉትም ይጠግባሉ። መደባለቁ በዝግታ ሲሆን በረከት ነው። በአንድ ሌሊት ኃይለኛ ነፋስና ቅዝቃዜ ሲሆን ግን ኦክሲጅን የሌለው ውሃ በድንገት ወደ ላይ ይወጣና ዓሣው አፉን ከውሃው በላይ እያወጣ አየር ሲስብ ይታያል፤ በከፋ ጊዜም በብዛት ሞቶ ይንሳፈፋል። ይህን ያዩ ሰዎች ሐይቁ ተመርዟል ብለው ሲጨነቁ ሰምቻለሁ፤ ጭንቀታቸው ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ይኸው የውሃ መገለባበጥ ነው። ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ መብላት በየትኛውም ምክንያት ቢሆን አይገባም።

በልግ ሲገባ ሁኔታው ይለወጣል። ደመናው የሌሊቱን ሙቀት ስለሚይዝ፣ ቀኑም ስለሚሞቅ፣ ንብርብሩ እንደገና ይጸናል። ከአንድ ሳምንት ፀሐይ በኋላ ውሃው ረግቶ ዓሣው በላይኛው ክፍል ይበተናል፤ ቀዝቃዛ ዝናብ፣ በተለይም በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በጣለ ማግስት ግን ለአንድና ለሁለት ቀን መንጠቆ መጉረሱን ይተዋል። አንድ ሰው አንድ ቀን ብቻ ከሥራ የሚያርፍ ከሆነና ቀኑን የመምረጥ ዕድል ካለው፣ ዝናብ ካባራ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀን ይሻለዋል እላለሁ።

ስለ ሰዓቱም የተለመደውን ምክር ማረም ያስፈልጋል። ጎህ ሲቀድ መሄድ ለብዙ ውሃ ጥሩ ምክር ነው፤ አልጌ ለበዛበት ሞቃት ሐይቅ ዳርቻ ግን አይደለም። አልጌ በቀን ብርሃን ኦክሲጅን ይሰጣል፤ በሌሊት ግን እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ይተነፍሳልና ኦክሲጅኑን መልሶ ይወስዳል። ስለዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ ኦክሲጅን በጣም የሚያንሰው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው፤ የዳርቻው ውሃም በጣም የሚቀዘቅዘው ያኔ ነው። ቆሮሶ በቀን የሚመገብ፣ ሙቀት የሚወድ ዓሣ በመሆኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይልቅ ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ የላይኛውን ሞቃት ውሃ፣ አልጌውንና በውሃው ላይ የወደቁትን ነፍሳት ወደ አንድ ዳር ይገፋል፤ ዓሣውም ምግቡን ይከተላል። አጥማጁ ነፋሱ ከሚነሣበት ዳር ቆሞ መወርወር ይቀለዋል፤ ዓሣው ግን ነፋሱ በሚያርፍበት ዳር ነው። ይህን ችግር ለመረዳት መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል።

በተራ ማጥመጃ የሚወረወረው ከመንጠቆው አጠገብ ያለው ክብደት ነው፤ ክሩ ይከተለዋል። ፈረንጆች ፍላይ ፊሺንግ በሚሉት ዘዴ ግን ከላባ የተሠራው መንጠቆ ክብደት ስለሌለው ሊወረወር አይችልም፤ ስለዚህ ክብደቱ በክሩ ውስጥ ይደረጋል። ለምሳሌ ቁጥር 5 የተባለው ክር የፊተኛው 9 ሜትር 9 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዘንጉ ይህን ክብደት ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዘ በአየር ላይ ይዘረጋዋል፤ ላባው በመጨረሻ እንደ ወደቀ ነፍሳት በእርጋታ ያርፋል። ወፍራም ክር በአየር ላይ ሲዘረጋ ነፋስ በቀላሉ ይገፋዋል፤ ስለዚህ በሎጎ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ አጭር መወርወርና ነፋሱን በጎን መቀበል ግድ ነው። ላባውን በተመለከተ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ለዶሮ ወጥ የታረደ አውራ ዶሮ የአንገቱ ላባ ለዚህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው።

የቆሮሶ ጎጆና የጾም ገበያ

ቆሮሶ በሎጎ ሐይቅ የተፈጠረ ዓሣ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ቦታ መጥቶ ተለቀቀ፤ ዛሬ ግን የአካባቢው ዓሣ አስጋሪ ኑሮ በአብዛኛው በእርሱ ላይ ቆሟል። ውሃው ከ16 እና ከ17 ዲግሪ በታች ሲወርድ መመገብ ያቆማል፤ ለመራባት ደግሞ ከ20 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከየካቲት ጀምሮ ውሃው ሲሞቅ ወንዱ ወደ ዳርቻው ይመጣና በአሸዋማው ወለል ላይ በአፉ እየቆፈረ እንደ ምጣድ ክብ የሆነ ጎጆ ይሠራል፤ ሌላ ወንድ እንዳይደርስበትም ይጠብቀዋል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ወዲያውም ወደ አፏ ትሰበስበዋለች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል እንቁላሉንና የተፈለፈሉትን ጫጩቶች በአፏ ይዛ ትቆያለች፤ በዚህ ጊዜ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላ እንኳ አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይመለሳሉ።

ለአጥማጁ ይህ ምን ማለት ነው? አንደኛ፣ ያደገ ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ በል በመሆኑ ነፍሳት በሚመስል መንጠቆ በቀላሉ አይታለልም፤ በበልግ ግን ጎጆውን የሚጠብቀው ወንድ የሚጎርሰው ከረሃብ ሳይሆን ወራሪን ከማባረር የተነሣ ነው። በበልግ ቆሮሶ ለላባ መንጠቆ የቀለለ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ ይህን ዕድል መጠቀም ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ክብ ጎጆ ከሚታይበት ጥልቀት በሌለው አሸዋ ላይ አላጠምድም፤ ጎጆውን የሚጠብቀው ወንድ ከተነሣ ቦታው ይበተናል። አፏ ያበጠ ሴት በስሕተት ከተያዘችም ከውሃው ሳትወጣ፣ በረጠበ እጅ፣ በፍጥነት መለቀቅ አለባት፤ ከውሃ ከወጣች እንቁላሉን ትተፋለች፤ የተፋችውንም አታገኘውም። ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ውሃው ሦስትና አራት ሜትር በሚጠልቅበት ቦታ፣ በጭቃው ውስጥ አድገው ክንፍ ለማውጣት ወደ ላይ የሚንሳፈፉትን ትንኝ መሳይ ነፍሳት አስመስሎ የተሠራ ትንሽ መንጠቆ በዝግታ ወደ ላይ መሳብ ወጣት ቆሮሶንም ካርፕንም ይይዛል፤ በመራቢያ ላይ ያለውንም አይነካም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ከአጥማጅ በላይ የሆነ ጉዳይ አለ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በዐቢይ ጾም የዓሣ ፍላጎት በየከተማው ከፍ እንደሚል ሁሉም ያውቀዋል፤ የደሴና የኮምቦልቻ ምግብ ቤቶችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ዐቢይ ጾም የሚውለው በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ ቆሮሶ ወደ ዳርቻ መጥቶ የሚራባውም በእነዚሁ ወራት ነው። ገበያው ከሁሉ የበለጠ የሚጠይቀው ዓሣው ለመያዝ ከሁሉ በቀለለበትና መተው ባለበት ጊዜ መሆኑ ሐይቁን በእጅጉ ይጎዳዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀምን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በመዝናኛነት የሚያጠምድ ሰውም ከመሄዱ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቆ በየጊዜው የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን ማወቅ ይገባዋል።

አምባዛ የተለየ ነው። ከስንጥቦቹ (በውሃ ውስጥ ከሚተነፍስባቸው አካላት) በላይ ባለው ተጨማሪ አካል አየር በቀጥታ መሳብ ስለሚችል ኦክሲጅን ባነሰበት፣ በደፈረሰ ውሃ ውስጥም ይኖራል፤ ምግቡንም በዓይኑ ሳይሆን በሽታና በአፉ ዙሪያ ባሉት ሪዞች ዳስሶ ያገኛል። በበልግ ዝናብ የዳርቻው ሣር በውሃ ሲዋጥ በሌሊት ወደዚያ ወጥቶ ይራባል። በላባ መንጠቆ የሚያጠምድ ሰው አምባዛን ከፈለገ ትልቅና ጥቁር ላባ፣ ማታ፣ ከወለሉ ጋር እየጎተተ መሞከር አለበት፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም፤ ለአምባዛ በተራ መንጠቆ ላይ የተሰካ ሥጋ ይሻላል። አርዲቦም ከሎጎ ሐይቅ በስፋት ቢያንስም፣ በከፍታ ግን ስለሚበልጥ በልጉ ዘግየት ብሎ ይሞቃል፤ ከዚህ በቀር ስለ ሎጎ ሐይቅ ያልሁት ሁሉ ለእርሱም ይሠራል።

ሁለቱንም ሐይቆች ለማንበብ ሁለት ርካሽ መሣሪያዎች ይበቃሉ፤ ቴርሞሜትርና ነጭ የፕላስቲክ ሳህን። ሳህኑን መሐል ለመሐል በስቶ፣ ከሥሩ ድንጋይ አስሮ፣ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ ባለው ሲባጎ ወደ ውሃው ማውረድ ነው። ሳህኑ ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት የውሃውን ጥራት ይናገራል፤ አልጌ ሊያድግ የሚችልበት ብርሃንም በግምት የዚያን ጥልቀት ሁለት እጥፍ ያህል ይወርዳል። ሳህኑ ግማሽ ሜትር ላይ ከጠፋ ደማቅና ትልቅ ላባ፣ ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ከታየ ትንሽና ደብዛዛ ላባ መምረጥ ያስፈልጋል።

ቦርከና፦ ድንጋይ ገልብጦ ማየት

ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ፣ ከተማዋን አቋርጦ፣ ከሐረጎ ሥር ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከዚያም በጨፋ ረግረግ በኩል አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ቢለያዩም በከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ ከደሴ ጃኬት ለብሶ የተነሣ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ የሚያወልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወንዙም እንዲሁ ከላይ ቀዝቃዛና ፈጣን፣ ከታች ሞቃትና ዝግተኛ ነው።

የወንዝን ጤንነት ለማወቅ ላቦራቶሪ ከመፈለግ በፊት ከወለሉ አንድ ድንጋይ አንሥቶ መገልበጥ ይቻላል። ከድንጋዩ ሥር ጠፍጣፋ፣ ጅራቱ ሦስት ክር የሆነ እጭ ወይም ከአሸዋና ከስንጥር ትንሽ ቱቦ ሠርቶ በውስጧ የሚኖር እጭ ከተገኘ ውሃው ኦክሲጅን አለው፤ ቢልጫም ሊኖርበት ይችላል፤ ላባውም እነዚያን ነፍሳት መምሰል አለበት። ድንጋዩ በሚያንሸራትት ጥቁር ዝቃጭ ተሸፍኖ፣ ከሥሩ ደም የመሰሉ ቀይ ትሎች ብቻ ከታዩ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። እነዚያ የትንኝ መሳይ ነፍሳት እጮች ናቸው፤ የቀሉትም እንደ እኛ ደም ኦክሲጅን የሚይዝ ሄሞግሎቢን ስላላቸው ሲሆን፣ ሌላው ሁሉ በታፈነበት ውሃ ውስጥ የሚኖሩትም በእርሱ ነው። ከከተማ በላይና ከከተማ በታች አንድ አንድ ድንጋይ የገለበጠ ሰው ልዩነቱን ለማየት ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

በልግ ይህን የሚያባብስበት ምክንያት አለ። በበጋው ወራት ሁሉ በየመንደሩ፣ በየቦዩና በየመንገዱ የተከማቸው ቆሻሻ፣ ዘይትና ፍሳሽ የሚታጠበው በመጀመሪያው ጎርፍ ነው፤ ወንዙ ደግሞ በዚያ ጊዜ ጎድሎ ስለሚቆይ የሚበርዘው ውሃ የለውም። ስለዚህ ከዓመቱ ጎርፎች ሁሉ መርዛማው የመጀመሪያው ነው፤ የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ ግዙፍ ቢሆንም ብዙ ውሃ ስላለው ከእርሱ ይሻላል። በኮምቦልቻ ወደ ቦርከና በሚፈስሱት በለዮሌና በወርቃ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከፋብሪካ ፍሳሽ ጋር የመጡ ከባድ ብረታትን አግኝተዋል። ከባድ ብረት በማብሰል አይጠፋም፤ በዓሣው ጉበት፣ ኩላሊትና ስንጥብ ይከማቻል። ከኮምቦልቻ በታች የተያዘ ዓሣ ወደ ቤት እንዳይወሰድ እመክራለሁ፤ ይህን የምለው ወንዙን በመናቅ አይደለም፤ ሕፃናት የሚበሉት ነገር ስለሆነ ነው።

በቦርከናም በሚሌ ወንዝም ቢልጫ፣ አምባዛና ቆሮሶ ይገኛሉ። ቢልጫ ለመራባት ጠጠር ወለልና ፈሳሽ ውሃ ፈልጎ ወደ ላይ የሚወጣ ጠንካራ ዓሣ ነው፤ ለላባ መንጠቆ ከሁሉ የሚስማማው የአገራችን ዓሣ እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ውሃው ከቡናማ ወደ አረንጓዴ ሲመለስ፣ ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ውሃው ቡናማ እስከሆነ ድረስ ግን መጠበቅ ይሻላል። አጥማጁም ሁለት ጥንቃቄዎች አሉበት። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ እያለ ደሴ ላይ ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ ከላይ የወረደ ጎርፍም ሳይታሰብ ይደርሳል፤ ስለዚህ ውሃው በድንገት ከደፈረሰ ወይም ስንጥርና ቅጠል ማምጣት ከጀመረ ወዲያው መውጣት ይገባል። ሁለተኛው ቢልሃርዚያ ነው። ጥገኛው ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ቆዳን በስቶ የሚገባ ሲሆን፣ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በበረታችበት በቀትር ሰዓት ነው። ዝግ ባለ ውሃ ውስጥ ባዶ እግር መቆም አይገባም፤ ውሃ የማያስገባ ረዥም ቦት ጫማ ማድረግ፣ የረጠበውንም ሰውነት ወዲያው በፎጣ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ጨዋማው ውሃ

ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ አሰብ የሚወስደው መንገድ ለብዙ ዘመን የወደብ ጭነት የተመላለሰበት በመሆኑ፣ ባሕር ለአካባቢያችን እንግዳ ነገር አልነበረም። ቀይ ባሕር በጣም ጨዋማ ከሆኑት የዓለም ባሕሮች አንዱ ሲሆን፣ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 40 ግራም ገደማ ጨው አለው። ጨውም እንደ ሙቀት ኦክሲጅንን ይገፋል። በ25 ዲግሪ ሙቀት የቀይ ባሕር ውሃ የሚይዘው 6.5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ በተመሳሳይ ሙቀት ሎጎ ሐይቅ ከሚይዘው ጋር እኩል ማለት ነው። አንዱን ከፍታው፣ ሌላውን ጨው ይቀንሰዋል። በደቡባዊው ቀይ ባሕር ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፤ ስለዚህ ግንቦት የመዞሪያ ወር ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚነፍሰው ነፋስም ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ቀዝቃዛና በንጥረ ነገር የበለጸገ ውሃ ከሥር ይገባል።

በአገር ውስጥ ያለው ጨዋማ ውሃ ለአጥማጅ የሚሆን አይደለም፤ ግን መታወቅ አለበት። የቦርከናና የሚሌ ውሃ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ግን ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በጨዋማው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ከባሕር ወለል በታች ባለው በአፍዴራ ሐይቅ ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኙ ሁለት የትናንሽ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ ፍል ውሃ በሚገባበት፣ ጨዉ ቀለል ባለበት ዳር ይኖራሉ። እነዚህን ማጥመድ ቀርቶ ማወክም አይገባም።

ከጨዋማ ውሃ የተመለሰ ዘንግና መንጠቆ በዚያው ቀን በንጹሕ ውሃ ካልታጠበ ይዝጋል። ከጣና የመጣ መሣሪያ ደግሞ በሌላ ምክንያት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጣናን ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያስጨነቀው እምቦጭ በጀልባ፣ በመረብና በጫማ ላይ በተጣበቀ ቁራጭ ይተላለፋል፤ በጭቃ ውስጥ ያለው ዘሩም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ባሕር ዳር አጥምዶ ወደ ሎጎ ሐይቅ የሚመጣ ሰው ጫማውን፣ መረቡንና ክሩን አጥቦ፣ በፀሐይ ላይ ለጥቂት ቀናት ፈጽሞ አድርቆ ይምጣ።